ሃያ አራተኛው ፕሬዚዳንት ከገርጂ

መኩሪያ ቢተው ትልልቅ ሰዎችን የማሳነስ ሙያ ነበረው። በክፋት አይደለም፤ እንጀራው ነው። አገር ያንቀጠቀጠ መሪ ይሰጡታል፤ እሱ ከልደቱ እስከ ቀብሩ በሁለት ገጽ ጠቅልሎ፣ ከነሥዕሉ ያስረክባል። በደርግ ዘመን አንድ የቅስቀሳ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የዓለም ወዛደር መሪዎችን ሕይወት ለሰፊው ሕዝብ የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። ለዚሁ ሲባል ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ ተምሮ መጥቷል። ከዚያ ያመጣው ነገር ቢኖር አንድ የቆዳ ቦርሳና «በመሠረቱ» የምትል ቃል ናት። ቦርሳው ቶሎ ተቀደደ። ቃሏ ግን አብራው ኖረች።

ድርሰቱ ለጻፊውም ለአንባቢውም የሚከብድ አልነበረም። ሁሉም መሪ ከድሃ ቤተሰብ ይወለዳል። ሁሉም በልጅነቱ የጭቁኖች ብሶት ያንገበግበዋል። ሁሉም በኩራዝ ያነባል። አባቱ ባለጸጋ የነበረ መሪ ያጋጠመው እንደሆነ መኩሪያ አባትየውን ያደኸየዋል። የተሾመ ሁሉ መልከ መልካም ነው፤ የተሻረ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ከፎቶው ላይ በመቀስ ይነሣል። ይህን ሁሉ መኩሪያ በንጹሕ ልብ ይሠራው ነበር። እንዲያውም ራሱን የሚያየው እንደ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

በግንቦት ሰማንያ ሦስት ዘመኑ ሲገለበጥ መኩሪያ ገርጂ ካለው ቤቱ ጓሮ ወጣና ያሉትን ቅጂዎች ሁሉ ከምሮ እሳት ለቀቀባቸው። ሚስቱ ብርነሽ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየችና ትልቁን ብረት ድስት ይዛ መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«እንዲያው በከንቱ ከሚነዱ ውሃ ልጣድባቸው። የሚታጠብ አንሶላ አለኝ።»

እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ለሕዝብ ሲጠቅሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ብርነሽ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል ታይፒስት ናት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። መኩሪያ ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ ይወጣል። የት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም። ኬክ ቤት ነው የሚሄደው። አንድ ማኪያቶ ይዞ ቁጭ ይልና እንደሱ ከሥራ የተሰናበቱ ሰዎች ሲመጡ የዓለምን ሁኔታ ይተነትናል። «በመሠረቱ…» ሲል ወንበሩን ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚያዞር ሰው አይጠፋም። ይህን መኩሪያ ያያል፤ ያላየ ይመስላል። ከቢሮው ከወጣ ወዲህ የጎደለው ደመወዙ አልነበረም። ሲናገር እስክሪብቶ አንሥቶ የሚጽፍ ሰው ነው የጎደለው።

ከዚያ አሜሪካ መጣች። እሷ ራሷ አልመጣችም፤ ወሬዋ ነው። ዲቪ የሚሉት ሎተሪ ሲጀመር ከመገናኛ እስከ ቦሌ ድረስ ጉርድ ፎቶ ያልተነሣ ሰው የቀረ አይመስልም። ሚስት ያለችው ሚስቱን፣ የሌለው የጎረቤቱን እህት ይዞ ፎቶ ቤት ይሰለፋል። በዚሁ መሐል አንድ ወሬ ተነሣ፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች ስም በተራ ይጠየቃል ተባለ። ወሬው ከየት እንደተነሣ በውል አይታወቅም። መኩሪያ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኬክ ቤት ገብቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራው የሰሙት አሉ።

መጽሐፍ አግኝቶ ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ ከአሮጌ ጫማና ከመጋረጃ ጋር የተገኘ፣ ለፈረንጅ ልጆች የተጻፈ ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ፕሬዚዳንቶቹ ከመጀመሪያው እስከ አርባ ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዳቸው ገጽ ተሰጥቷቸው ተደርድረዋል። መኩሪያ ገለጥ ገለጥ ሲያደርገው ከሩቅ አገር የዘመድ ልጅ እንደመጣለት ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አጭር ሕይወት! ከነሥዕሉ!

መገናኛ አካባቢ የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝና የእድር መተዳደሪያ የሚያትም አብዱራሕማን የሚባል የወሎ ሰው ነበር። ነገር አያበዛም። መኩሪያ ሐሳቡን ሲነግረው ያለው ይህችን ብቻ ነው፤

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይሸጣል። ሽፋኑን አስቀድሜ አትሜ መገናኛ ላይ ልስቀለው። እርስዎ ውስጡን ያድርሱ።»

ሽፋኑ ታተመ። «አርባ ሁለቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች፣ አጭር የሕይወት ታሪካቸው ከነሥዕላቸው» ይላል፤ ቀይና ሰማያዊ ነው።

ውስጡን ማድረስ ከባድ አልሆነም። ያ አሮጌው መንገድ ሣር አልበቀለበትም። ሁሉም ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ ሁሉም በኩራዝ አነበበ። «ወዛደር» የሚለው «ዜጋ» ሆነ፤ «ሶሻሊዝም» የነበረበት «ነፃ ገበያ» ገባ። በአንድ ወር ሥልጣኑ የሞተውን ሃሪሰንን «በአጭር ጊዜ ውስጥ ዘላቂ ለውጥ ያስመዘገበ» ብሎ አለፈው። እጅ የለመደውን አይተውምና ኩሊጅ ላይ ሲደርስ «የላብ አደሩ ታማኝ ልጅ» የምትል ሐረግ አመለጠችው። ታትማ ወጣች። ያስተዋላት ሰው አልተገኘም።

ሥዕሉን የያዘው አምደሚካኤል ነው። የሥጋ ቤት በሬና የፀጉር ቤት ቆንጆ በመሣል ይታወቃል፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲጠሩት ይሥል ነበር። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ግልጽ እንዲሆንለት የፈለገው ነገር ነበረ።

«ባለ ሁለት ዓይን ናቸው ወይስ ባለ አንድ?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ መኩሪያ።

«በእኛ ወግ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይን አለው። ኃጥእ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። እነዚህ የትኞቹ ናቸው?»

መኩሪያ አሰበበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን መልሱ አንድ ነበር፤ አርባ ሁለት ዓይን ለአርባ ሁለት ሰው።

«በመሠረቱ» አለ፣ «አሁን ወዳጆቻችን ናቸው። ሁሉንም ሁለት ሁለት ዓይን ስጣቸው።»

በዚህ ውሳኔ የአሜሪካ መሪዎች በሙሉ ጻድቃን ሆነው ጸደቁ። ዓይናቸው እንደ ጨረቃ ፈጠጠ። ወፍራሙን ታፍትን አምደሚካኤል ከሾላው ሥጋ ቤት ባለቤት ላይ አይቶ ነው የሠራው፤ ደንበኞች ሰውየውን አውቀውታል።

ጣጣው የመጣው ገጾቹ ሲደረደሩ ነው። አብዱራሕማን ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረና መኩሪያን አስጠራው።

«ሽፋኑ አርባ ሁለት ይላል። ውስጥ ያሉት አርባ አንድ ናቸው። የገዛ ሰው ቆጥሮ ቢመጣብኝ ምን ልበል?»

ነገሩ ቀላል ነበር። ክሊቭላንድ የተባለው ሰውዬ አንዴ ተመርጦ ገዛ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ተሸነፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ተወዳድሮ እንደገና አሸነፈ። ስለዚህ አንዱ ሰው ሃያ ሁለተኛም ሃያ አራተኛም ተብሎ ይቆጠራል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍም ሃያ አራተኛው ገጽ ላይ «ሃያ ሁለተኛውን ተመልከት» ብሎ ነው ያለፈው። መኩሪያ ይህችን መሥመር መጀመሪያም አይቷታል። አላመናትም እንጂ።

«ውሸት ነው» አለ። «በመሠረቱ ከወንበር የወረደ ሰው ወደ ወንበር አይመለስም። ወይ ይሞታል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ይሰደዳል። ተመልሶ መጣ ከተባለም ታንክ ይዞ ነው።»

«እዚያ እኮ በምርጫ ነው ይላሉ፣ ጋሼ።»

«በምርጫ ተሸንፎ በሰላም ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ፣ የተካውም ሰው ሳያስረው ኖረ፣ ከዚያ ተነሥቶ በምርጫ ተመለሰ! ይህን ለሕፃን ንገረው። እዚህ ቦታ ላይ የነበረ ሌላ ሰው አለ። አጥፍተውታል። ሰው ከታሪክ ውስጥ እንዴት እንደሚጠፋ ለእኔ አትነግረኝም፤ ስንቱን በገዛ መቀሴ ያነሣሁ ሰው ነኝ!»

አብዱራሕማን ቀና ብሎ አየው። «ወላሂ እኔ የጠፋ ሰው አልፈልግም። አርባ ሁለት ይሙላልኝ እንጂ ስለ ቀሪው እርስዎ ያውቃሉ።»

መኩሪያ ቤቱ ገባና የጠፋውን ሰው ሊፈልግ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጥቂት መሥመር፣ እንደ ወጉ፦ ሄንሪ ማክኩሪ ከድሃ ቤተሰብ፣ ብርዳማ በሆነ ደጋ ተወለደ። ከዚያ በኋላ ግን ብዕሩ ራሱ መሄድ ጀመረ። ማክኩሪ ትጉህ ነበር። ማክኩሪ ሌሎች ሲሰርቁ አልሰረቀም፤ ባይሰርቅም ከሰረቁት ጋር ተባረረ። ጓዶቹ ከድተውት ለአዲሱ ጌታ ሲያጨበጭቡ እሱ ማጨብጨቡ ዘገየበት። ባለቤቱ ሥራውን አልተረዳችለትም። ከሥልጣን በወረደ ማግሥት ስልኩ መጮህ አቆመ። (ያን ጊዜ ስልክ ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።) ሲሰናበት ለሕዝቡ ያሰማው ቃል በገጹ ግርጌ ተጻፈ፦ «ወንበር ለተቀመጠበት ይሞቃል፤ ለቆመው ግን እንጨት ነው።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ብዙ ቆየ። ዕድሜ ልኩን የጻፈው ሁሉ ከሆነ ቦታ የተቀዳ ነው፤ ይህች ግን ከየትም አልመጣችም። ከኬክ ቤቱ ናት። ወንበራቸውን ካዞሩበት ሰዎች ናት።

«ይሄኛው ፎቶ የለውም» አለ አምደሚካኤል ገጹ ሲደርሰው። «ከምን ላይ ልሥራው?»

መኩሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን እያየህ ሥራው። በአጥንት እንመሳሰላለን ይባላል።»

«ማን ይላል?»

«ይባላል አልኩህ።»

አምደሚካኤል ትልቅ ሪዝና የቢራቢሮ ከረባት ጨመረለት፤ ሁለቱን ዓይኖችም ከሌሎቹ አስበልጦ አፈጠጣቸው።

መጽሐፉ እንደ ትኩስ ሳምቡሳ ተቸበቸበ። የታክሲ ወረፋ ላይ ያሉ ወጣቶች እየተቀባበሉ በቃላቸው ይወጡት ጀመር። ለዲቪ ሲሉ ያነበቡት ሰዎች የጆርጅ ዋሽንግተንን ገጽ እንደ ትምህርት አጠኑ፤ ማክኩሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈር መጠጡ። ሌሎቹ የባዕድ አገር ሰዎች ናቸው፤ እሱ እንደ ጎረቤት ይከፋዋል። የወንበሯ አባባልም ተነሣችና መንገድ ጀመረች። አንድ የመገናኛ ሚኒባስ የኋላ መስተዋቱ ላይ ለጠፋት። አንድ የግል ጋዜጣ ከርእሰ አንቀጹ በላይ አወጣት። ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት «ፕሬዚዳንት ማክኩሪ እንዳሉት» ብሎ ለምን እንደጠቀሳት ሳይታወቅ ጠቀሳት፤ ተጨበጨበለት።

ፈትያ የምትባል የገርጂ ልጅ ዲቪ ደርሷት ቃለ መጠይቅ ገብታ ወጣች። ስለ ፕሬዚዳንት ያነሣባት የለም፤ የጠየቋት የማትሪክ ውጤቷን ነው። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ከወሬው አልወጣም። «ፊቷን አይተው እንደምታውቅ ገብቷቸው ነው እንጂ» ተባለ፤ መጽሐፉም በዚያ ሰሞን ይበልጥ ተሸጠ።

ብርነሽ መጽሐፉን ካርጎ ቢሮ ውስጥ ሰዎች ሲያነቡት አግኝታ ነው ያየችው። ማታ ራት እየበሉ ሃያ አራተኛውን ገጽ ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ይሄ አንተ አይደለህም?»

«ሪዝ አለው እኮ፣ ብርዬ።»

«ሪዙን በጣቴ ስሸፍነውስ?»

መኩሪያ ጉርሻውን አላመጠ።

«ባለቤቱ ሥራውን አልተረዳችለትም ይላል» አለች። «እሷስ ካርጎ ነበር የምትሠራው? ለመሆኑ እሱ ኬክ ቤት ሲውል የቤት ኪራዩን ዋይት ሐውስ ነበር የሚከፍልለት?»

«ይሄ ታሪክ ነው» አለ መኩሪያ።

«ታሪክማ ነው። ወጡን ጨርስና ሣሕኑን አንሣ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

ስቃ ሄደች። እሱም ስድብ መሆኑን እያወቀ ደስ አለው።

ያ ጊዜ ደግሞ የወርክሾፕ ጊዜ ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ሆቴል ያለው ሰው ሁሉ አዳራሽ ነበረው፤ አዳራሹም ባዶ አያድርም። አንድ የቀድሞ ባልደረባው የተሳታፊ ቁጥር ጎድሎት መኩሪያን ለ«መልካም አስተዳደርና ተጠያቂነት» ጠራው። ምሳ አለ፤ ፎልደርና እስክሪብቶም ይሰጣል። መኩሪያ አሮጌ ካፖርቱን ካውያ አስነክቶ ሄደ።

ጽሑፍ አቅራቢው አብኔዘር የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። ሱፍ ለብሷል፤ አማርኛ ሲናገር እንግሊዝኛው እንዳይቀዘቅዝበት ቶሎ ቶሎ ይመለስበታል። ፕሮጀክተሩን አበራና ግድግዳው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዘረጋ። ከሥሩ «ሄንሪ ማክኩሪ፣ ሃያ አራተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት» የሚል ተጽፏል።

«ይህን ታላቅ አባባል» አለ አብኔዘር፣ «በአማርኛ ብንለው ውበቱን ያጣል፤ ሆኖም ልሞክር። ወንበር ለተቀመጠበት ይሞቃል…»

መኩሪያ የቀረውን አልሰማም። ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ አጎንብሶ እየጻፈ ነው። ዓመታት ሙሉ የፈለገው ይኸው ነበር፤ እሱ ያለውን ሰው ሲጽፍ ማየት። የሚጽፉት ግን የእሱን ቃል ብለው አልነበረም። ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ እጁ ራሷ ወጣች።

«በመሠረቱ» አለ። «ይህች ዓረፍተ ነገር የእኔ ናት።»

ሰው ሁሉ ከማስታወሻው ቀና አለ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ፤ አልገባኝም» አለ አብኔዘር።

«እኔ ነኝ የጻፍኳት። ገርጂ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ።»

አብኔዘር እንደታመመ ዘመድ በርኅራኄ አየው። «ጋሼ፣ ጥሩ አባባል ሁላችንም የእኛ ቢሆን እንወዳለን። ግን ምንጭን ማክበር የተጠያቂነት አንዱ ምሰሶ ነው።»

ሳቅ ተሰማ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞረው፣ «የእኛ ሰው ችግሩ ይሄ ነው» አሉ። «የሰለጠነ ሰው የተናገረውን የእኔ ነው ማለት!»

መኩሪያ አንድ መንገድ ብቻ ቀረው። «ማክኩሪ የሚባል ሰው የለም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት! መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕሉን ተመልከቱ፤ እኔን ነው የሚመስለው!»

አሁን ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ተቆጡ።

«ምን ማለትዎ ነው? እኔ ትምህርት ላይ በነበርኩበት ጊዜ ስለ ማክኩሪ በእንግሊዝኛ አንብቤአለሁ። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ሁለት ቅጽ።»

«በሴቶች ጥያቄ ላይ የነበራቸውም አቋም ለዘመናቸው ተራማጅ ነው» አሉ ነጭ ሻርፕ ያደረጉ አንዲት ሴትዮ። «ባለቤታቸው ባትረዳቸውም።»

አብኔዘር ሰዓቱን አየና ውይይቱን ወደ ቡድን ሥራ አሳለፈው። መኩሪያ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰው ወንበሩን በዝግታ ፈቀቅ አደረገ። ሰው ሙሉ ዕድሜውን ሲዋሽ አምነውት፣ አንድ ቀን እውነት ቢናገር እብድ ይባላል፤ መኩሪያ ይህን ያወቀው ያኔ ነው። አልሳቀም።

በማግሥቱ አብዱራሕማን ዘንድ ሄደ። ሁለተኛው እትም ሊገባ ነው።

«ሃያ አራተኛውን አውጣው» አለ። «ክሊቭላንድን ሁለት ጊዜ ቁጠረው። ሰውየው በምርጫ ተመልሷል፤ አምኛለሁ።»

አብዱራሕማን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ጋሽ መኩሪያ፣ ሰው መጥቶ ሲገዛ መጀመሪያ የሚከፍተው የማንን ገጽ ነው? ሌሎቹን አውጣ ቢሉኝ ልነጋገር። ማክኩሪን ግን አልነካም።»

«ውሸት ነው እያልኩህ!»

«ዋሽተው ሲያመጡልኝ አትሜያለሁ። አሁን እውነት ይዘው ሲመጡ ማሽኑ አይነሣልኝም።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ከሌላ ሰው ይሰማሉ ብዬ ነው። መቅድም የሚጽፍልኝ አግኝቻለሁ። አብኔዘር የሚባል ባለዲግሪ ልጅ ነው። ስለ ማክኩሪ ብዙ ያውቃል።»

ሁለተኛው እትም ወጣ። መቅድሙ ራሱ የሁለት ፕሬዚዳንት ገጽ ይወስዳል። በሽፋኑ ላይ የአብኔዘር ስም በትልቁ፣ ከታች በትንሹ ደግሞ «ትርጉም፦ መኩሪያ ቢተው» ይላል። ብርነሽም አየችው። ያን ምሽት ሣሕኑን ራሷ አነሣች፤ ይህም ከስድቧ ይልቅ ከበደው።

መኩሪያ ኬክ ቤቱን ተወና ወርክሾፑን ያዘ። ሰው ሲጎድል ይጠራል፤ ሳይጠራም ይሄዳል። የትኛው ሆቴል ዓሣ እንደሚያቀርብ፣ የትኛው ሻይ ላይ ብስኩት ብቻ እንደሚሰጥ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በቦሌ መንገድ አልነበረም። ከኋላ ይቀመጣል፤ ፎልደሩን ይቀበላል፤ ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ ወደ መስኮቱ ያያል። ግድግዳው ላይ ማክኩሪ ሲበራ ከሌላው ጋር አጎንብሶ ይጽፋል።

አንድ ቀን ምሳ ወረፋ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ከየትኛው ድርጅት ነዎት?» አለው።

«ተርጓሚ ነኝ» አለ መኩሪያ፤ «ያቺን አዋዜ ወደዚህ ያሻግሩልኝ።»